አራት ቀን የደበቅነው መርዶ

የሆነውን ከመናገሬ በፊት ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልናዘዝ። አለበለዚያ ነገሩ ለምን እስከ ዛሬ እንደሚገርመኝ አይገባችሁም። ሁሉን የማውቅ ሴት ነበርኩ። ስሜ ሰላም፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሜልቦርን ውስጥ የፖይንት ኩክ ነዋሪ፣ የእናቴ ባልትና ቢሮ ኃላፊ። እናቴን ደግሞ ከራሷ በላይ አውቃታለሁ ብዬ አምን ነበር።

ባልትናችን ዌሪቢ፣ ከጎመን እርሻዎቹ አጠገብ ያለ የተከራየነው መጋዘን ነው። የጀመሩት እናቴ በላይነሽና አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቷ ተዋበች ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አክስቴ ዛላ በርበሬውን ትገዛለች፣ ትለቅማለች፣ አድርቃ ትልካለች። እናቴ እዚህ ከቅመሙ ጋር አመጣጥና ታስፈጫለች። በየቀኑ፣ በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እዚያ ገና ማለዳ ላይ፣ ይደዋወላሉ። ዝናቡ እንዴት ነው፣ ዛላው እንዴት ነው፣ የትኛው ጆንያ ይቅደም፣ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ። እናቴ ሐሞቷን ኦፕራሲዮን የሆነች ዕለት እንኳ ነርሷን ለምና ስልክ አስይዛለች። ከስምንት ሰዓቱ ስልክ በፊት ምንም ትልቅ ነገር አይወሰንም። «ቆይ፣ ተዋቡን ላናግራት» ትላለች፣ በቃ።

ወንድሜ ዳዊት በአራት ዓመት ያንሰኛል። ወፍጮውና ቫኑ የእሱ ናቸው፤ ወረቀቱ፣ ደንበኛው፣ የምግብ ተቆጣጣሪው የእኔ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስለኛል። እኔ ያልተጻፈ ነገር አላምንም፤ እሱ የተጻፈ ነገር ሲያይ ያዛጋል። እማዬ ሰባ ሲሞላት «ከእንግዲህ ማን ይምራው?» የሚለው ነገር በመሃላችን ገባ። አፍ አውጥቶ የጠየቀ ግን የለም። እኛ ቤት እናት በሕይወት እያለች እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሟርት ነው። ስለዚህ ሳንጠያየቅ ተጣላን። በጆንያ አደራደር የተጀመረ ጭቅጭቅ አድጎ አድጎ ዳዊት «አንቺ ወረቀት ነሽ፣ ሥራው እኔ ነኝ!» አለኝ። እኔም «አንተ ሹፌር ነህ!» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ቃል አልተለዋወጥንም። የግድ የምንባባለው ነገር ካለ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቢጫ ወረቀት እንለጥፋለን። «ካርቶን አልቋል።» «አይቻለሁ።» «ካየህ ለምን አትናገርም?» «ተናገርኩ እኮ።» እንዲህ እያልን መጋዘን እናስተዳድር ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ሁለታችንንም ሳሎኗ አስቀመጠችን። ባልትናውን መግዛት የሚፈልግ ሰው መጥቷል።

«እኔ ደክሞኛል፤ እናንተ አትስማሙም» አለች። «ከሞትኩ በኋላ ፍርድ ቤት ከምትገናኙ በሕይወት እያለሁ ልሽጠው። ሳምንት ሰኞ መልስ እሰጠዋለሁ ብያለሁ።»

ዳዊት ተነሥቶ ወጣ። እኔም «እንደ ፈቃድሽ» ብዬ ወጣሁና መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ያ መጋዘን ሕይወቴ ነው። ለሱ ስል የተማርኩበትን ሥራ ትቻለሁ።

በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ስወጣ የአክስቴ ልጅ ሳሙኤል ከአዲስ አበባ ደወለ። እዚያ ገና ሌሊት ነበር።

«ሰላም፣ ብቻሽን ነሽ?» አለ።

«ብቻዬን ነኝ። ምንድን ነው?»

«እማ ዐረፈች። ማታ ደረቴን አለች፣ ሆስፒታል ሳንደርስ...»

መኪናውን ዳር አቆምኩ። ወዲያው ለማን እንደደወልኩ ልንገራችሁ፤ ለባሌ አይደለም። ጣቴ ራሱ ወደ ዳዊት ስም ሄደ።

«ምንድን ነው፣ ቢጫ ወረቀት አለቀብሽ?» አለኝ።

«ዳዊቴ፣ እትዬ ተዋቡ...»

የቫኑ ሞተር ሲጠፋ ሰማሁ። ከዚያ «የት ነሽ? እንዳትነጂ፤ መጣሁ» አለ። ቫኑን እዚያው መንገድ ዳር ትቶ በእኔ መኪና፣ እሱ እየነዳ፣ ወደ ዌሪቢ ሄድን። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሱ መሪውን በቡጢ ይመታል። አክስታችን ለሁለታችንም እናት ነበረች።

መንገድ ላይ ለጋሼ ታደሰ ደወልን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በሜልቦርን ስንቱን መርዶ እንዳረዱ እግዜር ይወቅ።

«በስልክ እንዳትነግሯት፤ በሥራ ቦታም እንዳታረዷት» አሉ። «ደም ግፊት አለባት። ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ነው ብለዋል።»

«እንግዲያ አሁን ብትነሣም አትደርስም። ሰው ሁሉ ሺፍት ላይ ነው፤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን እንመጣለን። እስከዚያ ስልኳን ጠብቁ።»

እኔና ዳዊት ተያየን። አንድ የምናፍርበት ነገር በሁለታችንም ልብ ውስጥ ነበረ፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው እሱ ነው።

«የአርቡስ ትዕዛዝ?»

በባልትናችን ታሪክ ትልቁ ትዕዛዝ ነበር፤ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው የሱቅ ድርጅት አርብ ቀትር ላይ ሊረከበን ነው። መጋዘን ያለው ዛላ በሙሉ አክስቴ በመጨረሻ የላከችው ነው። ልኩን የምታውቀው ደግሞ እማዬ ብቻ ናት። በሃያ ዓመት ውስጥ የቅመሙን መጠን አስጽፋ አታውቅም። «የተጻፈ ይሰረቃል» ትላለች።

«እስከ ቅዳሜ እንደብቃታለን» አልኩ። «ይቅር ይበለን።»

ስንደርስ እማዬ የመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ነበር። መኪናዬን አየች፣ ሁለታችንንም አየች። «ደኅና አደራችሁ?» አለችና ገባች። እኔ ምንም አላስተዋልኩም።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ድራማ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ያስቀኛልም። መጀመሪያ ስልኳን መውሰድ ነበረብኝ፤ ፌስቡክ ላይ ሰው «ነፍስ ይማር» መጻፍ ጀምሯል።

«እማዬ፣ ስልክሽ አፕዴት ይፈልጋል፤ ካልተደረገ ይዘጋል። ስጪኝ።»

ትንሽ አየችኝ። ከሽርጧ ኪስ አወጣችው፣ የበርበሬውን ብናኝ በመዳፏ ጠረገችና ሰጠችኝ። «ብዙ ይቆያል?»

«ጥቂት ቀን።»

ዳዊት ደግሞ ለሚያውቃት ሁሉ እየደወለ «እንዳትደውሉላት፣ እንዳትመጡ» ይላል። ማሸጊያ ላይ የሚሠሩት ሁለት ሴቶች ደስ ያላቸው ለመምሰል ሲታገሉ አለቅጥ ይስቃሉ። እኔም በአንድ ቀን አምስት ጊዜ «እማዬ በላሽ? ሻይ ላምጣልሽ?» አልኩ። ዳዊት በበኩሉ ትከሻዋን ያሻል። እኛ እንደዚህ ዓይነት ልጆች አልነበርንም።

ስምንት ሰዓት ሲሞላ ቢሮዬ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ስምንት ሆነ አይደል?»

«አዎ... ግን አዲስ አበባ ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው።»

«እሺ» አለች።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ጆንያዎቹ ሄደች። በማመኗ ደስ አለኝ፤ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» የሚለውን ያን ሰዓት አላስታወስኩትም።

ረቡዕ ጠዋት ስንገባ የጆሮ ጌጧን አውልቃለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የምግብ ተቆጣጣሪዋ በመጣች ቁጥር «ጌጥ አይፈቀድም» ትላታለች፤ እማዬ ደግሞ አባቴ ያሠራላትን ወርቅ በፕላስተር ትሸፍነዋለች እንጂ አታወልቅም። ስንት ዓመት ስንለምናት ኖረናል።

«ጎሽ እማዬ! በስተርጅና ሕግ አከበርሽ» ብዬ ቀለድኩባት።

«ጆሮዬን አሳከከኝ» አለች።

ከዚያ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ቅመሙ ታምሶ ቀዝቅዟል፣ ዛላው ተቀንጥሷል፣ የማመጣጠኛው ሰዓት ደርሷል። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ሁላችንንም ታስወጣለች። ያን ቀን ግን አንድ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«እጄን አሞኛል። እናንተ ሥሩት» አለች።

«እኛ?» አልን ሁለታችንም አንድ ላይ።

«ሰላም፣ ደብተርሽን አምጪ። ጻፊ። ዳዊት፣ አንተ ቅመስ።»

«ጻፊ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ኮረሪማውን ነገረችኝ፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በሶብላውን። መጠኑ ግን በቁጥር ብቻ አልነበረም። «ኮረሪማውን መዳፍሽ ላይ እሺው። አሙቂው። አሁን ወደ አፍንጫሽ አስጠጊው። ቶሎ ከጠፋ አሮጌ ነው፤ ጨምሪበት። ከቆየ ቀንሺ።» ለዳዊት ደግሞ «ምላስህ ጫፍ ላይ አይደለም፣ ጉሮሮህ ላይ ጠብቀው። ቃጠሎው ዘግይቶ መምጣት አለበት» ትለዋለች። አንዴ «ለእህትህ ንገራት፣ ጨው ትጨምር» አለችው፤ እሱም ዞሮ «ጨው ጨምሪ» አለኝ። አንዴ ደግሞ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ይሄኛው ጆንያ ገና እርጥበት አለው» አለችኝ። እሷ ዳዊት ሊሰማት በሚችልበት ርቀት ላይ ነው የተቀመጠችው። የራሷን ቃል በእኛ አፍ ለምን እንደምታመላልስ አልገባኝም ነበር።

አምስት ሰዓት ያህል እንደዚያ ሠራን። ሲያልቅ ከመጀመሪያው ቅይጥ ቆንጥራ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ምንም አላለችም። እማዬ በሥራ ነገር ዝም ካለች መልካም ነው ማለት ነው። ዳዊት በአጠገቤ ሲያልፍ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። በልጅነታችን እንዲህ ነበር የምንታረቀው።

ሐሙስ ወፍጮው ተነሣ። በርበሬ ሲፈጭ ያላየ ሰው ካለ ልንገረው፦ ጭምብል አድርገህም፣ ማራገቢያው እየሠራም፣ ዓይንህ ያለቅሳል። ማንም ማንንም «ምን ሆንክ?» አይልም። እኔና ዳዊት ከማክሰኞ ጀምሮ ያፈንነውን በሙሉ ያን ቀን ለቀቅነው። ወፍጮው ስለሚጮህ ድምፅም ቢያመልጥ አይሰማም። ዳዊት ዛላውን እየሞላ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ዱቄቱን እየተቀበልኩ እንባዬ በጭምብሌ ስር ይወርዳል። ያ ዛላ አክስቴ በጣቷ አንድ በአንድ የለቀመችው ነው። እማዬም ከወንፊቱ አጠገብ ቆማ ዓይኗ ያነባል።

ቀትር ላይ አጣኋት። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በሽቦ አጥሩ ወዲያ ጎመን እርሻው ይታያል። ሽቦውን ይዛ ወደ ጎመኑ ዞራ ቆማለች፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«በርበሬው ነው» አለች ሳትዞር። «ዓይኔን አቃጠለኝ። መጣሁ።»

አመንኳት። ሁሉን የማውቀው እኔ አመንኳት።

ስንመለስ ከተደረደሩት ጆንያዎች የመጨረሻውን በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይሄ አይፈጭ» አለች። ዳዊት ለምን ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ እኔ በዓይኔ ከለከልኩት። ቢጫ ወረቀት አነሣና «አይፈጭም» ብሎ ለጠፈበት።

አርብ ቀትር ላይ መኪናቸው መጥቶ ካርቶኖቹን ጫነ። አንድም የጎደለ፣ አንድም የተበላሸ የለም። መኪናው በሩን ሲወጣ ዳዊት እጁን ዘረጋልኝ፤ እኔ እጁን ትቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። «ነገ እንዴት ነው የምንነግራት?» አለኝ በጆሮዬ። «አላውቅም» አልኩ። በዚያ ሁሉ ቀን እውነት የተናገርኩት ይህችን ብቻ ነው።

እማዬ ሽርጧን እየፈታች መጣች። «ዳዊት፣ እነዚያን የፕላስቲክ ወንበሮች ቤት አድርሳቸው።»

«ሁሉንም? ለምን?»

«የጸሎት ፕሮግራም አለኝ።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ከእማዬ ቤት ጀርባ ያለው መንገድ በመኪና ሞላ። ድምፅ እንዳይሰማ መኪናችንን ራቅ አድርገን አቁመን በእግር መጣን። ጥቁር የለበሰ ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ በፖይንት ኩክ ጸጥታ፣ እየተንሾካሾከ። የማዕዘኑ ጎረቤት አውስትራሊያዊው ሽማግሌ በፒጃማ ወጥቶ አየን። ፖሊስ እንዳይጠራ ሮጬ ሄጄ አክስቴ እንደሞተች፣ እናቴ እንደማታውቅ፣ አሁን ልንነግራት እንደሆነ አስረዳሁት። «ይህ ሁሉ ሰው እሷ ስትሰማ አጠገቧ ሊሆን ነው የመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ገብቶ ካፖርት ደርቦ መጣና ከኋላ ቆመ።

ጋሼ ታደሰ ፊት ሆኑ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሩን ለማንኳኳት እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ተከፈተ።

እማዬ ቆማለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ከኋላዋ መብራቱ ሁሉ በርቷል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠግቷል፣ የመጋዘናችን ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ውሃ፣ የፊት መጥረጊያ ወረቀት፣ ቴርሞስ ሙሉ ሻይ።

«ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ጋሼ ታደሰ ዞረች። «እርስዎም አይጨነቁ ጋሼ። ተዋቡ ማክሰኞ ናት አይደል ያረፈችው?»

ጋሼ ታደሰ ያዘጋጁት ቃል ሁሉ ጠፋቸው። በስንት ዓመት የመርዶ ሥራቸው እንዲህ ያለ ነገር እንዳላጋጠማቸው በኋላ ነግረውኛል። አንገታቸውን ነቀነቁ ብቻ። «አዎ፣ እትዬ በላይነሽ።»

እማዬ ያን ጊዜ ጮኸች። «እህቴን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። እኔና ዳዊት በግራና በቀኝ ደገፍናት። አራት ቀን በሆዷ የያዘችው ሁሉ በደጃፉ ላይ ወጣ። እኔም አለቅሳለሁ፤ ግን ከለቅሶዬ ጋር ሌላ ነገር ነበረ። ፈራኋት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዳንዴ እንደሚሰማኝ ዓይነት ፍርሃት ነው። ይህች እንጀራ ቆርሳ ያጎረሰችኝ ሴት ማን ናት? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አላወቅኋትም።

ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ፣ ተጸለየ፣ ተዘመረ። ሰኞ ከቀትር በኋላ ሰው ሳሳ። እማዬ ሶፋው ላይ በእኔና በዳዊት መካከል ተቀምጣለች።

«ሰላም፣ ስልኬን ስጪኝ» አለች። «አፕዴቱ አላለቀም?»

ዳዊት መሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። «ይቅር በይኝ እማዬ። እንዴት አወቅሽ?»

«ማክሰኞ ጠዋት በአንድ መኪና መጣችሁ» አለች። «ስምንት ወር በአንድ በር ያልገባችሁ ልጆች፣ ዳዊት እየነዳ፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ። ሰው ሞቷል አልኩ። ማን እንደሆነ ደግሞ ስልኬን ስትወስጂ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለ ዳዊት። «እንዴት ቻልሽው?»

«ብናገር ያን ዕለት ቤቱ በሰው ይሞላል፣ መጋዘኑ ይዘጋል። የለቀመችው ዛላ ጆንያ ውስጥ ቀርቶ እኔ ላለቅስላት? መጀመሪያ ሥራዋን ልጨርስላት አልኩ። ደግሞም...» ሁለታችንንም አየች። «በአንድ ላይ ስትዋሹ አየኋችሁ። አንዱ ሲረሳ ሌላው ሲሞላለት። ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እህቴ ሞታ ደስ አለኝ። አንድ ቃል ብናገር አንድነታችሁ የሚበተን መሰለኝ።»

«ወንበሩን ስታስመጪ፣ ጥቁር ስትለብሺ...» አልኩ፣ «ቁርጡን አውቀሽ ነበር ማለት ነው?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «ወንበሩን ደርድሬ፣ ጥቁሩን ለብሼ፣ ማንም እንዳይመጣ ስጸልይ ነው ያደርኩት። ተሳስቼ ቢሆን ብዬ። ተስፋ የቆረጥኩት የጋሼ ታደሰን ኮቴ ደጃፉ ላይ ስሰማ ነው።»

ስልኳን ተቀብላ ለገዢው ሰውዬ ደወለች። ይቅርታ ጠየቀችው፤ አይሸጥም አለችው። ዘጋችና ዓይኗን ጨፈነች።

አሁን የምነግራችሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል። እህቷ በተቀበረች ሳምንት፣ እዚያው ሶፋ ላይ፣ ጠየቅኋት። «ታዲያ ማን ይምራው?»

አልተቆጣችም። «ረቡዕ ዕለት ማን ነበር የመራው?»

እኔ ዳዊትን አየሁ፤ ዳዊት እኔን። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የቀመሰው እሱ ነው፤ ኮረሪማ ይጨመር ያለው ማን ነበር? አላስታውስም።

«እኔም አላየሁም» አለች። «እኔና ተዋቡ በዚህ ሁሉ ዓመት አለቃ አልነበረንም። የስምንት ሰዓት ስልክ ነበረን። አንድ ቀን ተኳርፈን እናድራለን፤ በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሲሞላ ግን ስልኩ ይነሣል። ከነገ ጀምሮ ያ ስልክ የእናንተ ነው። እኔ ማመጣጠኑ ላይ አልገባም፤ አስጽፌ ሰጥቻችኋለሁ።»

«እኛ እኮ በአንድ መጋዘን ነው ያለነው» አለ ዳዊት።

«ቢሆንም ተደዋወሉ። ፊት ለፊት ስትሆኑ ትጯጯሃላችሁ።»

«ያ ጆንያስ?» አልኩ። «አይፈጭ ያልሽው?»

ያን ጊዜ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እሱ ለኔ ለቅሶ ወጥ ነው። የእህቴ በርበሬ ይግባበት። ግን አደራ ልስጣችሁ። እኔ አንድ ነገር የሆንኩ ቀን አንዳችሁ ከሌላችሁ አትደብቁ። ቀድሞ የሰማው ለሌላው ይደውል። አልቅሳችሁ ቅበሩኝ። ከዚያ ወፍጮውን አስነሡት።»

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። እናንት ይህን የምታነቡ፣ ወላጆቻችሁ ያቋቋሙት ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ማን ይምራው እያላችሁ በሆዳችሁ የምትጣሉ፣ ምክር ልስጣችሁ አልልም። እኔ ምክር ሰጪ ነበርኩ፤ ያ ሳምንት አስተወኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። እኛ እናታችንን ከሐዘን የምንጠብቃት መስሎን ነበር። እሷ ሐዘኗን በጥርሷ ይዛ እኛን ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው። በርበሬ በዓይኗ ላይ እየበነነ፣ በሰው መካከል፣ ማንም ሳያውቅላት እህቷን አልቅሳ፣ በዚያው ሰዓት የሕይወቷን ሥራ በእጃችን አስቀመጠች። ርክክቡ ሲፈጸም አጠገቧ ቆሜ «ጎሽ፣ ሕግ አከበርሽ» እላት ነበር። እናታችሁን አውቃታለሁ የምትሉ ካላችሁ እንደገና እዩአት።

እማዬ ዛሬም ደኅና ናት። የጆሮ ጌጧን መልሳ አድርጋዋለች፤ ከተቆጣጣሪዋ ጋር ትጣላለች። ጆንያው ጥግ ላይ ቆሟል። የዳዊት ቢጫ ወረቀት ስለደበዘዘ እኔ በላዩ ላይ ሌላ ለጥፌበታለሁ።

ስምንት ሰዓት ሲሞላ፣ ዳዊት ከቢሮዬ ሃያ እርምጃ ርቆ ወፍጮው አጠገብ ቆሞ፣ ይደውልልኛል። ስልኩ በጠራ ቁጥር ልቤ አንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። የዛሬው እማዬ አደራ ያለችው ስልክ ይሆን? እላለሁ። አነሣዋለሁ።

«ኮረሪማው ገብቷል» ይላል ዳዊት።

እኔም እተነፍሳለሁ፤ ደብተሬን እከፍታለሁ።